የጓዳ ሥራ በሰርቨር ላይ፤ ስለ ሥራ ወረፋ አደረጃጀትና አጠባበቅ

በቡራዩ የሚኖር ሰው ሁሉ የወፍጮ ቤትን ሥርዓት ያውቃል። እህሉን በማዳበሪያ ይዞ የመጣ ሰው ማዳበሪያውን ከሌሎቹ ኋላ አስቀምጦ፤ ተራውን አስይዞ ወደ ሌላ ጉዳዩ ይሄዳል እንጂ እስኪፈጭለት ድረስ ቆሞ አይውልም። ወፍጮኛውም በተራው እያነሣ ይፈጫል። መብራት ቢጠፋ እንኳ የማዳበሪያዎቹ ተራ አይጠፋም፤ ክርክር የሚነሣው ስለ አንዱ ብቻ፤ ይኸውም ግማሹ ተፈጭቶ ግማሹ በወፍጮው ውስጥ ስለ ቀረው እህል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ስሙ አዲስ ቢሆንም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በሰርቨር ላይ ሥራዎች እንዴት ወረፋ እንደሚይዙ፤ በማን እንደሚሠሩ፤ መብራት ወይም መስመር በተቋረጠ ጊዜም ግማሹ ተሠርቶ የቀረው ሥራ ምን እንደሚሆን በአጭሩ ለመግለጽ አሳባችን ነው።

ነገሩን ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት አለ። ቡራዩ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ የምትገኝ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሰበታና ከሱሉልታ ጋራ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለለች ከተማ ናት። በእነዚህ ከተሞች የቁጠባና ብድር ማኅበራት፤ የግል ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች መዝገባቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እያዛወሩ ነው። በተለይም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሕዝቡ ገንዘብ ከከፈለ በኋላ ወዲያው መልእክት በስልኩ እንዲደርሰው መጠበቅን ለምዷል። እንዲህ ያለውን ሰርቨር ብዙ ጊዜ የሚያቋቁሙት እንደኛ ያሉ ተማሪዎች ወይም በቅርቡ የተመረቁ ወጣቶች ናቸው። ሥራው በደንብ ካልተደራጀ የሚጎዳው ደግሞ ሰርቨሩን ያቋቋመው ሰው አይደለም፤ መልእክቱ ያልደረሳት ወይም ከሒሳቧ ሁለት ጊዜ የተቀነሰባት የጉሊት ነጋዴ ናት።

፩፤ የእልፍኝ ሥራና የጓዳ ሥራ

በአንድ ቤት እንግዳ የሚቀበሉበት እልፍኝ አለ፤ ወጥ የሚሠሩበት ጓዳም አለ። እንግዳ ተቀባዩ ራሱ ሽንኩርት ሊከትፍ ከገባ እንግዳው ብቻውን ይቀራል። በሰርቨርም ላይ እንዲሁ ነው። ለምሳሌ አንዲት የማኅበር አባል በመስኮት ቀርባ 500 ብር አስቀመጠች እንበል። ሰርቨሩ አራት ነገሮችን እንዲሠራ ይፈለጋል፤ አንደኛ ገንዘቡን በመዝገብ መጻፍ፤ ሁለተኛ ለአባሏ የስልክ መልእክት መላክ፤ ሦስተኛ ደረሰኙን ማዘጋጀት፤ አራተኛ የቀኑን ድምር ማደስ። ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ ያዢዋ መልስ ከማግኘቷ በፊት የግድ መፈጸም ያለበት የመጀመሪያው ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ ጥቂት ቢዘገዩ የሚያጎድሉት ነገር የለም።

አሁን የጊዜውን ሒሳብ እንመልከት። በመዝገብ መጻፍ ከሰከንድ ሃያኛ እጅ የማይበልጥ ጊዜ ይወስዳል እንበል። መልእክት መላክ ግን መስመሩ ደኅና ሲሆን 2 ሰከንድ፤ መስመሩ ሲታመም 30 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። ሁሉም በእልፍኝ የሚሠራ ከሆነ ገንዘብ ያዢዋ 30 ሰከንድ ትጠብቃለች፤ በመስኮቱ 10 ሰው ቢሰለፍ 5 ደቂቃ በከንቱ ይጠፋል። የባሰው ነገር ደግሞ ሰርቨሩ ጠያቂዎችን የሚቀበልባቸው ፕሮሰሶች በቁጥር የተወሰኑ መሆናቸው ነው። ሁሉም መልእክቱ እስኪሄድ ድረስ ከቆሙ፤ ሰርቨሩ አንዳች ከባድ ሥራ ሳይሠራ የሞተ ይመስላል። ሰው ይህን አይቶ «ሰርቨሩ አነሰ» ይላል፤ ነገር ግን ያነሰው ሰርቨሩ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው።

ስለዚህ አንድን ሥራ በእልፍኝ ወይም በጓዳ ለማድረግ የሚረዳው ጥያቄ ይህ ነው፤ «ይህ ሥራ አሁን ባይፈጸም ለጠያቂው የምንሰጠው መልስ ሐሰት ይሆናልን?» ሐሰት የሚሆን ከሆነ በእልፍኝ ይሠራ፤ ካልሆነ ወደ ጓዳ ይሂድ። «ገንዘብዎ ተመዝግቧል» ብሎ መልሶ ምዝገባውን ለጓዳ መተው ሐሰት ነው። «መልእክት ይደርስዎታል» ብሎ መላኩን ለጓዳ መተው ግን እውነት ነው።

፪፤ የወረፋው ክፍሎች

የጓዳ ሥራ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ሥራውን የሚያስይዘው የእልፍኙ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ወረፋው የሚቀመጥበት ማኖሪያ ነው። ሦስተኛው ከማኖሪያው እያነሣ የሚሠራው ፕሮሰስ ሲሆን በዚህ ጽሑፍ ሠራተኛ እንለዋለን። በማኖሪያው የሚቀመጠው እያንዳንዱ ሥራ የሥራውን ስም፤ የሚያስፈልጉትን ቁጥሮች፤ ስንት ጊዜ እንደ ተሞከረና ከመቼ ጀምሮ ሊነሣ እንደሚችል የያዘ አጭር ጽሑፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአባሏን ስምና ቀሪ ሒሳብ በሙሉ መገልበጥ አይገባም፤ የገቢውን ቁጥር ብቻ መያዝ ይበቃል። ሠራተኛው በተራው ሲደርስ ትክክለኛውን ነገር ከመዝገቡ ራሱ ያነብባል።

ለማኖሪያነት የሚያገለግሉ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ። ራቢት ኤም ኪው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፤ ለዚሁ ተግባር ብቻ የተሠራ ነው። ሬዲስ ኢጣሊያዊው ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ በ2009 ያወጣው ሲሆን መረጃውን በሚሞሪ ስለሚይዝ እጅግ ፈጣን ነው። ነገር ግን በሚሞሪ ያለ ነገር መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፤ ስለሆነም ሬዲስ የተቀበለውን ሁሉ በዲስክ ላይ ባለ መዝገብ እንዲጽፍ ማዘዝ ያስፈልጋል። በየሰከንዱ እንዲጽፍ ቢታዘዝ ድንገት ሲቆም የመጨረሻው አንድ ሰከንድ ያህል ሥራ ሊጠፋ ይችላል፤ በየትእዛዙ እንዲጽፍ ቢደረግ ደግሞ ይዘገያል። በራቢት ኤም ኪውም ቢሆን ወረፋውም መልእክቱም በዲስክ የሚቆይ ተብሎ ካልተመደበ ፕሮግራሙ ሲነሣ ወረፋው ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው መንገድ ወረፋውን በዚያው መዝገቡ ባለበት ዳታቤዝ እንደ አንድ ሰንጠረዥ ማኖር ነው። ፖስትግሬስ ከ9.5 እትሙ፤ ማለት ከ2016 ጀምሮ አንዱ ሠራተኛ የያዘውን ረድፍ ሌላው ዘሎ የሚቀጥለውን እንዲያነሣ የሚያደርግ ትእዛዝ ስላለው ሁለት ሠራተኞች በአንድ ሥራ ላይ አይጋጩም። በኛ አስተያየት በቡራዩ ላለ ትንሽ መሥሪያ ቤት የሚሻለው ይህ መንገድ ነው። ምክንያቱም የ500 ብሩ ምዝገባና የመልእክቱ ሥራ በአንድ ውል አብረው ይጻፋሉ፤ ወይ ሁለቱም ይኖራሉ፤ ወይ ሁለቱም አይኖሩም። ገንዘቡ ተመዝግቦ ሥራው የጠፋበት ወይም ሥራው ተይዞ ገንዘቡ ያልተመዘገበበት ጊዜ አይኖርም። ፍጥነቱ ከሬዲስ ቢያንስም በደቂቃ 30 ወይም 300 ሥራ ለሚይዝ ማኅበር ከበቂ በላይ ነው።

፫፤ ስለ መጠበቅ ሒሳብ

ስለ ወረፋ በሒሳብ ቀድሞ የተመራመረው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለ የዴንማርክ ሰው ነው። በኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ ስንት የስልክ መስመር ቢኖር ደዋዮች ብዙ ሳይጠብቁ ሊስተናገዱ እንደሚችሉ ለማወቅ በ1909 የመጀመሪያ ጥናቱን አወጣ። ከላይ የጠቀስነው ራቢት ኤም ኪው የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋም ኤርላንግ ተብሎ ይጠራል። በ1961 ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ሊትል ቀላል የሆነ፤ ግን ብዙ የሚያስረዳ ሕግ በማስረጃ አረጋገጠ፤ በወረፋ ውስጥ ያሉት በአማካይ የሚቆጠሩት፤ በአንድ ጊዜ ውስጥ የሚመጡት ቁጥር አንዱ በአማካይ በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ ነው።

በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ሠራተኛ አንዱን ሥራ በአማካይ በ2 ሰከንድ ይጨርሳል፤ ስለዚህ በደቂቃ 30 ሥራ ይችላል እንበል። ሥራዎቹ በዘፈቀደ የሚመጡ፤ የሚወስዱትም ጊዜ እንዲሁ የሚለያይ ከሆነ፤ አንድ ሥራ ከመጣበት እስከሚፈጸምበት ያለው አማካይ ጊዜ አንድ ደቂቃ ከሚቻለውና ከሚመጣው ልዩነት ጋራ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በደቂቃ 15 ቢመጣ ልዩነቱ 15 ስለሆነ የሚቆየው 4 ሰከንድ ነው። 27 ቢመጣ ልዩነቱ 3 ስለሆነ 20 ሰከንድ ይቆያል፤ በሊትል ሕግም በማንኛውም ጊዜ 9 ያህል ሥራ በወረፋው ይገኛል። 29 ቢመጣ ግን ልዩነቱ 1 ብቻ ስለሚሆን አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆያል። ከ27 ወደ 29 የጨመረው ሁለት ሥራ ብቻ ሲሆን የመጠበቂያው ጊዜ በሦስት እጥፍ አደገ። 30 ከደረሰ ደግሞ ወረፋው እያደገ ይሄዳል እንጂ አያልቅም።

ከዚህ የምንማረው ሠራተኛን ሁልጊዜ በሥራ ማጨናነቅ ቁጠባ አለመሆኑን ነው። የገፈርሳን ግድብ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ከቡራዩ አጠገብ ያለው ይህ ግድብ አዲስ አበባን በውኃ ከሚያገለግሉት ግድቦች የመጀመሪያው ሲሆን፤ የለገዳዲው ግድብ የተከተለው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። የክረምቱ ዝናብ በጥቂት ወራት ይወርዳል፤ ከተማው ግን ውኃ የሚጠጣው ዓመቱን ሙሉ ነው። ግድቡ የብዙውን ቀን ለጥቂቱ ቀን ያቆያል። ነገር ግን በዓመቱ የሚወጣው ከሚገባው የበለጠ ከሆነ የግድቡ ስፋት አያድንም። ወረፋም እንዲሁ ነው፤ የአንድን ሰዓት ጥድፊያ ያበርዳል፤ የዘወትርን ጉድለት ግን አይሞላም።

ጥድፊያው ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ለማየት የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና እናስብ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርስቲዎቹ ፈተናውን የተቀመጡት ተማሪዎች ዘጠኝ መቶ ሺህ ያህል ነበሩ፤ ውጤቱም በዚያው ዓመት በጥር ወር ተገለጸ። መሥሪያ ቤቱ እንዴት እንዳደረገ ለመናገር ሳይሆን ለሒሳብ ያህል፤ ለ900,000 ሰው ውጤት በመልእክት ይላክ ብንልና አንዱ ግማሽ ሰከንድ ቢወስድ አንድ ሠራተኛ 125 ሰዓት፤ ማለት ከአምስት ቀን በላይ ያስፈልገዋል። ሠራተኞቹ 25 ቢሆኑ በ5 ሰዓት ያልቃል። ነገር ግን መልእክቱን የሚያስተላልፈው መስመር በሰከንድ 20 ብቻ የሚቀበል ከሆነ ሠራተኞቹ 25 ሆኑ 250 ሥራው ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት አያልቅም። ከመጨመር በፊት ጠባቡ በር የት እንደሆነ መፈለግ ይገባል።

፬፤ የሠራተኞችን ቁጥር ስለ መወሰን

ሥራዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዱ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ሌላውን በመጠበቅ ነው፤ መልእክት መላክ የዚህ ዐይነት ነው። ሌላው ደግሞ ራሱ የሚያስብ ነው፤ የወሩን ወለድ ማስላት ወይም ፎቶግራፍ ማሳነስ የዚህ ዐይነት ነው። ለሚያስበው ሥራ ከሰርቨሩ የፕሮሰሰር ቁጥር የበለጠ ሠራተኛ ማቆም አይጠቅምም፤ ተራ በተራ መቀማማት ብቻ ይሆናል። ለሚጠብቀው ሥራ ግን በአንድ ፕሮሰሰር ላይ ብዙ ሠራተኞችን ማቆም ይቻላል፤ ወሰኑ የሚሞሪው መጠን ነው።

2048 ሜጋባይት ሚሞሪ ያለው ሰርቨር አለን እንበል። ዳታቤዙ 800፤ የእልፍኙ ፕሮግራም 600፤ ሥርዓተ ማሽኑ 300 ቢወስዱ የሚተርፈው 348 ነው። አንዱ ሠራተኛ 80 ሜጋባይት የሚፈልግ ከሆነ አራት ሠራተኛ ብቻ ይቆማል። አሥር ቢቆም በጸጥታው ጊዜ ምንም አይታይም፤ ጥድፊያ በመጣ ሰዓት ግን ሚሞሪው ያልቅና የሊኑክስ ከርነል አንዱን ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል። ብዙ ቦታ የያዘውን ስለሚመርጥ የሚገደለው ዳታቤዙ ሊሆን ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለዚህ ነው። እንደዚሁም ሠራተኞች ብዙ ቀን ሲቆዩ ሚሞሪያቸው እያበጠ ስለሚሄድ ከተወሰነ ሥራ በኋላ፤ ለምሳሌ ከ500 ሥራ በኋላ፤ ራሳቸው ቆመው እንዲታደሱ ማዘዝ የተለመደ ነው። በፓይተን የሚሠራው ሴለሪም በፒ ኤች ፒ የሚሠራው ላራቬልም ይህን ያደርጋሉ።

ይህን መቁጠር በኛ አገር የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብዙው ሰርቨር በውጭ አገር የሚከራይና በውጭ ምንዛሬ የሚከፈል ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ «ትልቅ ሰርቨር እንከራይ» የሚለው መልስ ከአባላት ቁጠባ የሚወጣ ገንዘብ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሌላው አስፈላጊ ነገር ወረፋውን መለየት ነው። አንድ አባል ወደ ሒሳቡ ለመግባት የሚጠብቀው የማረጋገጫ ቁጥርና ለአባላት ሁሉ የሚላከው የጉባኤ ጥሪ በአንድ ወረፋ ከተሰለፉ፤ ቁጥሩ ከ3,000 ጥሪ ኋላ ይቀራል፤ ሲደርስም ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ አስቸኳይ፤ መደበኛና ጅምላ ተብለው ሦስት ወረፋዎች ይኑሩ፤ ለአስቸኳዩም ሌላ የማይነካ የራሱ ሠራተኛ ይመደብለት።

፭፤ መብራት በተመለሰ ጊዜ

ብዙ ጀማሪ ሠራተኛውን በእጁ ትእዛዝ ጽፎ ያስነሣዋል፤ ሲሠራም አይቶ ይደሰታል። ነገር ግን ትእዛዝ የጻፈበትን መስኮት በዘጋ ጊዜ ሠራተኛውም አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ሠራተኛን የሚያሠማራ ሌላ አሳዳሪ ያስፈልጋል። ከ2010 ጀምሮ የተስፋፋውና ዛሬ በኡቡንቱና በዴቢያን ሊኑክስ ላይ የሚገኘው ሲስተምዲ ይህን ያደርጋል። ለእያንዳንዱ የሠራተኛ ዐይነት አንድ አጭር ፋይል ይጻፋል፤ በፋይሉም ውስጥ አራት ነገሮች በተለይ መታየት አለባቸው።

አንደኛ፤ ሠራተኛው በሞተ ጊዜ ሁልጊዜ እንደገና እንዲነሣ፤ በሁለቱ መካከልም ጥቂት ሰከንድ እንዲታገሥ ይታዘዛል። ሳይታገሥ ደጋግሞ ቢነሣና ቢወድቅ ሲስተምዲ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ሁለተኛ፤ ሠራተኛው በሙሉ ሥልጣን ሳይሆን ጥቂት መብት ባለው ተጠቃሚ ስም ይሠራ። ሦስተኛ፤ ከዳታቤዙ በኋላ እንዲነሣ ተራው ይገለጽ። አራተኛውና በቡራዩ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚበልጠው፤ አገልግሎቱን ማስነሣትና ማጽናት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማወቅ ነው። «ስታርት» የሚለው ትእዛዝ ለአሁን ያስነሣል፤ «ኢኔብል» የሚለው ግን ማሽኑ በበራ ቁጥር እንዲነሣ ያጸናል። ሁለተኛው ከተረሳ በመሥሪያ ቤቱ ያለ ሰርቨር መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ መብራት ሲመለስ እልፍኙ ይነሣል፤ ጓዳው ግን እንደ ተዘጋ ይቀራል። ገንዘብ ያዢዋ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ መዝገቡም ይጻፋል፤ አንድም መልእክት ግን አይሄድም። ሁሉ ደኅና ስለሚመስል ይህ ዐይነቱ ጉድለት ለብዙ ቀን ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ሠራተኛን ማቆምም ሥርዓት አለው። ሲስተምዲ ሊያቆም ሲፈልግ አስቀድሞ ሲግተርም የተባለውን ምልክት ይልካል፤ ይህም «የያዝከውን ጨርሰህ ውጣ» እንደ ማለት ነው። ሠራተኛው በተሰጠው ጊዜ ካልወጣ ሲግኪል በተባለው ምልክት ይገደላል። ጊዜው ካልተወሰነለት እንደ ልማዱ 90 ሰከንድ ነው። የወለድ ስሌት ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ይህ ጊዜ ከሦስት ደቂቃ በላይ መደረግ አለበት። እንዲሁም ሠራተኛ የተነሣበትን ፕሮግራም በሚሞሪ ይዞ ስለሚኖር፤ ፕሮግራሙ በታረመ ቁጥር ሠራተኞቹ እንዲታደሱ ካልተደረገ እልፍኙ በአዲሱ፤ ጓዳው በአሮጌው ሕግ ይሠራሉ።

፮፤ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ሲሠራ

አሁን በወፍጮው ውስጥ ወደ ቀረው እህል እንመለስ። ሠራተኛው ሥራውን ሲያነሣ ከወረፋው ወዲያው ቢሰርዘውና ሳይጨርስ ቢሞት ሥራው ለዘለዓለም ጠፋ። ስለዚህ ወረፋዎች በአብዛኛው ሥራውን የሚሰርዙት ሠራተኛው «ጨርሻለሁ» ካለ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለተወሰነ ጊዜ ከሌሎች ይሸሽጉታል። ጊዜው ካለፈ ሠራተኛው ሞቷል ብለው ለሌላ ይሰጡታል። ይህ ጊዜ በላራቬል እንደ ልማዱ 90 ሰከንድ፤ በሬዲስ ላይ ለሚሠራ ሴለሪ አንድ ሰዓት ነው። ሥራው ከዚህ ጊዜ የበለጠ የሚፈጅ ከሆነ የመጀመሪያው ሠራተኛ ገና በሕይወቱ እየሠራ ሳለ ሁለተኛው ያንኑ ይጀምራል። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፤ የሥራው የመጨረሻ ወሰን ሥራው ከሚሸሸግበት ጊዜ ማነስ አለበት።

ሕጉ ቢጠበቅም ሥራ ፈጽሞ አይደገምም ማለት አይቻልም። ሠራተኛው መልእክቱን ልኮ «ጨርሻለሁ» ሳይል መብራት ሊጠፋ ይችላልና። ስለዚህ ከመጥፋትና ከመደገም አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ አስተዋይ ሰው መደገምን ይመርጥና ድግሙ እንዳይጎዳ ያደርጋል። ይኸውም «ከሒሳቧ 50 ብር ቀንስ» የሚል ሥራ በጭራሽ አይጻፍም። በዚህ ፈንታ «ቁጥሩ ይህ የሆነውን የወርኀዊ መዋጮ ክፈያ መዝግብ» ይባላል፤ በመዝገቡም ሰንጠረዥ አንድ የክፈያ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይገባ ዳታቤዙ ራሱ ይከለክላል። ያን ጊዜ ሥራው አሥር ጊዜ ቢደገም የሚቀነሰው 50 ብር ብቻ ነው። መልእክት ሁለት ጊዜ ቢደርስ ሰው ይሥቃል፤ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ቢቀነስ ግን ማኅበሩ ይፈርሳል። የቁጠባ ማኅበር ከአባላቱ እምነት በቀር ሌላ ካፒታል የለውምና።

፯፤ ስለ ድጋሚ ሙከራ

ሥራ ሲወድቅ ወዲያው መሞከር ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፤ የታመመውን መስመር ይበልጥ ያደክመዋል። የተሻለው በየጊዜው እጥፍ እያደረጉ መታገሥ ነው። በ1፤ በ2፤ በ4፤ በ8፤ በ16፤ በ32 ደቂቃ ቢሞከር ስድስቱ ሙከራዎች በጠቅላላው 63 ደቂቃ ይሸፍናሉ። መስመሩ ለሦስት ሰዓት ቢቋረጥ ግን ሥራዎቹ ሁሉ ተስፋ ቆርጠው ያልቃሉ። ሁለት ሙከራ ብቻ፤ ማለት 64 እና 128 ደቂቃ ቢጨመር 255 ደቂቃ፤ ይኸውም ከአራት ሰዓት በላይ ይሆናል። መስመሩ በተመለሰ ጊዜ ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዳይጎርፉም በእያንዳንዱ ላይ በዘፈቀደ ጥቂት ሰከንዶች ይጨመራሉ።

አንዳንድ ሥራ ደግሞ ከመድረስ መቅረት ይሻለዋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነበር። «ነገ ጉባኤ አለ» የሚል መልእክት ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢደርስ ሰዎችን በከንቱ ያንከራትታል። ስለዚህ በየሥራው ላይ የሚያበቃበት ጊዜ ይጻፍ። ሙከራው ያለቀበት ሥራም አይጣል፤ በወደቁት ሥራዎች ሰንጠረዥ ከምክንያቱ ጋራ ይቀመጥ፤ ይህንንም ሰንጠረዥ በየጠዋቱ የሚመለከት ሰው በስም ይመደብ።

፰፤ ስለ ሰዓትና ስለ ቀን

በውጭ አገር በተጻፉት መምሪያዎች የማይገኝ አንድ ነገር እንጨምር። ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን ከኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ማኅበሩ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሠራ» ያለውን ሥራ የጻፈ ሰው በሰርቨሩ ላይ የሚጽፈው ባለፈው ቀን 23 ሰዓት ብሎ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የቀኑን ድምር በማለዳ ወይም በቀትር ያስኬዳል።

የወሩ ነገር ደግሞ ይብሳል። ሰዓት ጠብቆ ሥራ የሚያስነሣው ክሮን የሚያውቀው የአውሮፓን ወር ነው። የኛ ወር 30 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ናት፤ መስከረም 1 በመስከረም 11 ወይም 12 እ.ኤ.አ. ይውላል። ስለዚህ «በየወሩ መጀመሪያ» የሚለው የክሮን ትእዛዝ ለኛ መዝገብ አይሆንም። መፍትሔው ሥራውን በየሌሊቱ ማስነሣትና ራሱ «ዛሬ በኢትዮጵያ ቀን ስንት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፤ ወር የገባ እንደሆነ ይሠራል፤ ካልሆነ ምንም ሳያደርግ ይወጣል። የጳጉሜን ወለድ ከነሐሴ ጋራ ይቆጠር ወይስ ለብቻው የሚለውን ግን የማኅበሩ ደንብ ይወስን እንጂ ፕሮግራም ጻፊው በራሱ አሳብ አይወስን።

፱፤ ስለ ጥበቃ

ወረፋን ለመጠበቅ ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ፤ በወረፋው ስንት ሥራ እንዳለ፤ ከሁሉ የቆየው ሥራ ስንት ጊዜ እንደ ሆነው፤ ስንት ሥራ እንደ ወደቀ። ከሦስቱ ይበልጥ የሚናገረው ሁለተኛው ነው። 3,000 ሥራ ቢኖርና የቆየው አንድ ደቂቃ ብቻ ቢሆነው ጥድፊያ ነው፤ ያልፋል። 4 ሥራ ብቻ ቢኖርና አንዱ ከትናንት ጀምሮ ቢቆይ ግን ሠራተኛው ሞቷል ማለት ነው። የማስጠንቀቂያው መልእክትም በዚያው በወረፋው በኩል እንዲላክ ማድረግ ስሕተት ነው፤ ወረፋው ሲቆም ማስጠንቀቂያውም አብሮ ይቆማል። በሌላ ማሽን ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ከውጭ ሆኖ ይጠይቅ።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከላይ የተናገርነውን ሁሉ የሚጠይቅ ትልቅ ወጪ የለም። አንድ ሰንጠረዥ፤ አንድ አጭር የሲስተምዲ ፋይል፤ አንድ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክል የክፈያ ቁጥርና በየጠዋቱ የሚመለከት አንድ ሰው ነው። ሰርቨርን ለመሥሪያ ቤት የሚያስረክብ ተማሪ ከማስረከቡ በፊት አንድ ፈተና እንዲያደርግ እንመክራለን። ወረፋው ሥራ በያዘበት ሰዓት፤ ሥራ እየተሠራ ሳለ፤ የሙከራውን ማሽን መብራት ይንቀለው። መልሶ ሲያበራው ሦስት ነገር ይቁጠር፤ ሠራተኞቹ ሳይነካቸው ተነሥተዋልን? የጠፋ ሥራ አለን? ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ገንዘብ አለን? ሦስቱም ደኅና ካልሆኑ ገና አላለቀም።

በዚህ ጽሑፍ የሰጠናቸው የጊዜና የሚሞሪ ቁጥሮች ለምሳሌ የተወሰዱ ስለሆኑ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ማሽን ላይ መለካት ይገባዋል። በሰበታ፤ በሱሉልታ ወይም በሌላ ስፍራ ይህን የመሰለ ሥራ የጀመሩ ባልደረቦቻችን መብራትና መስመር በየስንት ጊዜው እንደሚቋረጥና ለምን ያህል ሰዓት እንደሚቆይ መዝግበው ቢይዙ፤ የድጋሚ ሙከራውን ጊዜ በግምት ሳይሆን በልክ ለመወሰን ይቻላል። እንዲህ ያለው መዝገብ ለዚህ መጽሔት ቢላክ ለሚቀጥለው ጥናት መነሻ ይሆናል።